ለሕያው ሰው የተቀመጥነው ለቅሶ

ማክሰኞ ከገዳሙ ተደወለልኝ። «የእማሆይ እህት ነዎት? እማሆይ ትናንት አርፈዋል፤ ቀብራቸውም እዚሁ ተፈጽሟል» አለችኝ አንዲት ልጅ። ከዚያ ወዲህ የኮምቦልቻ ጎረቤቶቼ ድንኳን እንትከል እያሉ እረፍት ነስተውኛል። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ወንበር ላይ ነው የምውለው፤ ዝም ስላቸው በሐዘን ይመስላቸዋል። ለእህቴ አንዴ ለቅሶ ተቀምጠን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አልተረፈም።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሙሉ የምትባለው እህቴ ከደሴ አለፍ ብሎ ከገራዶ በላይ ባለው የሴቶች ገዳም ሦስት ዓመት በረድእነት ውሃ ስትቀዳ፣ እህል ስትፈጭ ቆይታ ቆብ የምትቀበልበት ቀን ደረሰ። እማዬና እኔ ማልደን ደሴ ወጣን። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ጉሙ ፒያሳን ውጦት ሰው ከሰው አይተያይም ነበር። ለሙሉ ትኩስ አምባሻ ገዝተን፣ በነጠላ ጠቅልለን፣ ቀሪውን መንገድ ጭቃ እያቦካን በእግር ሄድን። የእማዬ ደስታ ልጇን የምትድር እናት ደስታ ነበር የሚመስለው። እኔ ብርዱም መንገዱም አማርሮኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ሙሉን አስተኟት። ከእግር እስከ ራሷ ሸፈኗትና ካህናቱ ፍትሐት ጀመሩ፤ ለሬሳ የሚደረገውን ማለቴ ነው። የምትመነኩስ ሴት ለዓለም ሞታለች ተብሎ የሚፈጸም ሥርዓት ነው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። እማዬ ግን አታውቅም፣ ማንም አልነገራትም። እሷ ፍትሐት የምታውቀው ሁለት ልጆቿን ስትቀብር ነው። እጄን ጨምድዳ ይዛ ወጣች። ሙሉ ቆቧን አድርጋ ስትነሳ እኛ ቁልቁለቱን ጀምረን ነበር። አምባሻውንም ይዘነው ተመለስን።

ኮምቦልቻ እንደደረስን እማዬ ጥቁር ለብሳ መሬት ተቀመጠች። ጎረቤት ተንጋጋ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። የግድግዳ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ እያለቀሱ ገብተው «ምን ሆነችብሽ?» ሲሏት እማዬ «ዛሬ ፍትሐት ተደረገላት» ብቻ አለች። ውሸት አልነበረም። ቀብሩ እዚያው ገዳም የተፈጸመ መስሏቸው ማንም አልጠየቀም። እኔ እውነቱን እያወቅኩ ለለቀስተኛ እጅ አስታጥባለሁ። ደግሞም አለቀስኩ፤ ከሁሉም ብሼ ነው ያለቀስኩት።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት መነኩሲት ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ።

«ልጅዎ፣ እናቴ ሳትመርቀኝ ሄደች ብላ እህል አልቀምስ አለች። አንድ ቃል ይላኩላት» አሉ ለእማዬ ጎንበስ ብለው።

ነገሩ መጀመሪያ የገባቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ወደ እማዬ ዞሩ።

«አስካለ፣ ልጅቱ በሕይወት አለች?»

«ለሌላው አለች። ለእኔ ሞታለች።»

«ኧረ አላህን ፍሪ! ሦስት ቀን ያስለቀስሽኝን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግን ለልጅሽ ምርቃት ላኪላት።»

እማዬ ፊቷን አዞረች። መነኩሲቷ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «አንቺስ ልጄ፣ ለእህትሽ ምን ልበልልሽ?»

እማዬ በጎን ታየኛለች። ምን ልበል? እኔም ተቆጥቼ ነበር፤ ጥላን የሄደችው እሷ ናት፣ የእናቷን ለቅሶ የምሰማው እኔ።

«ምንም» አልኩ።

መነኩሲቷ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ የመጡበትን ዳገት ተመለሱ። ሰዉም እያፈረ አንድ በአንድ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባል መጣ፣ ልጆች፣ ሱቅ። ለዕቃ ደሴ ስመላለስ ኖሬአለሁ፤ ከዚያ ገራዶ ስንት መንገድ ነው? መጀመሪያ እማዬን ፈርቼ ቀረሁ። እሷ ከሞተች በኋላ ደግሞ አፍሬ። ዛሬ ነገ ስል ጉልበቴ ቀደመኝ። ድካም ሰበብ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን ጉልበቴ ደህና ነበር።

ዛሬ ጠዋት፣ እሺ ትከሉ አልኳቸው። ሰው እየገባ ነው። አንዱ ሲነሳ ሌላው አጠገቤ ይቀመጥና፣ ወጉ ነውና፣ ምን አሟት ነበር ይለኛል። ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ለእያንዳንዱ እየመለስኩ ነው፤ አላውቅም እላለሁ።