ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ቀይ ሳጥን

አጎቴን በየሕንፃው «ዶክተር» ይሉት ነበር። ሥራው የእሳት ማጥፊያ መመርመርና መጠገን እንጂ ሕክምና አልነበረም። ስሙን ያወጣለት አንድ የሕንፃ ዘበኛ ነው። አጎቴ የዱቄት ማጥፊያውን ከግድግዳ ያወርድና ይገለብጠዋል፣ በጎማ መዶሻ ቂጡን መታ መታ ያደርገዋል፣ ከዚያ ጆሮውን ሆዱ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። ዱቄቱ ውስጥ ለውስጥ ሲንሸራተት ከሰማ ደህና ነው። ካልሰማ ዱቄቱ ረግቶ ደርቋል፤ የግፊት መለኪያው ጌጅ አረንጓዴው ላይ ቢቆምም የጭንቅ ቀን አየር ብቻ ይተፋል። የቢሮ ጸሐፊዎች እንደዚያ ሆኖ ሲያዩት «ዶክተር፣ ስንት ወሯ ነው?» ይሉታል። እሱም ጆሮውን ሳያነሳ «መንታ ናቸው፣ ዝም በሉ» ይላቸዋል።

ከዚያ ወዲያ ቀልድ የለም። ለኤሌክትሪክ ክፍል የውሃ ማጥፊያ የገዛ ሥራ አስኪያጅ ካጋጠመው «ጌታዬ፣ ይኼን ይዘው ከሚገቡ ባዶ እጅዎን ቢሸሹ ይሻላል» ይለዋል። አንድ ሆቴል ማጥፊያውን አያምርም ብሎ ከአበባ ጀርባ ቢደብቀው፣ «እሳቱን ‹አበባዬን እስካነሳ ታገሠኝ› ሊሉት ነው?» ብሎ አስተናጋጆቹን ሁሉ አሳቃቸው። ቱቦው ከተሰነጠቀ፣ ፒኑ ከዛገ፣ የምርመራ ካርዱ ላይ አይፈርምም። ቢለምኑት አይፈርምም፣ ቢቆጡት አይፈርምም። አንዲት ደንብ ነበረችው፤ ለሁሉም እንደ ጸሎት ይደግማታል፦ «እሳቱ ከፊትህ፣ በሩ ከኋላህ፣ ማጥፊያው ከበሩ አጠገብ።» ወደ እሳቱ ተጠግተህ የምታነሳው ማጥፊያ ወጥመድ ነው ይል ነበር።

ይህችን ደንብ በዕድሜው አንዴ ብቻ ጣሳት። የጣሳትም በእናቴ ቤት ነው።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የአምስት ዓመት ልጅ ስለነበር፣ አዝላም፣ አብልታም፣ ቆንጥጣም ያሳደገችው እሷ ናት። ስንቱን ሥራ አስኪያጅ የሚያርበደብድ ሰውዬ እሷ ፊት ምላሱ ይታሰራል። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። የሙሽራ ቀሚስ አንገትና ደረት ላይ በእጅ የምትጠልፈውን ጥልፍ ፍለጋ ከሩቅ ሰፈር ይመጡ ነበር። ቤቷ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ከወዲያ ጥግ ምድጃው፣ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ በሩ ጋ ደንበኞች የሚለኩበት ባዶ ግድግዳ።

አንድ እሁድ አጎቴ የእሳት ማፈኛ ብርድ ልብስ ይዞላት መጣ፤ በቀይ ሳጥን ተጣጥፎ፣ ሁለት ማሰሪያ ከሥሩ ተንጠልጥሎ። እሷ ልብስ ልታደርስ ወጥታ ነበር። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። መሰርሰሪያውን እያዘጋጀ ወዲያ ወዲህ ሲል ትዝ ይለኛል፤ ምን እንደሚያደርግ ግን ልብ ብዬ አላየሁትም። እናቴ ገባችና መሰርሰሪያውን ስታይ ደስ አላት።

«እሰይ! መስታወቴንም ትሰቅልልኛለህ። በሩ ጋ፣ እዚህ» አለች፣ ግድግዳውን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ።

«እትዬ፣ ይኼኛውን ሳጥን ግን…»

«እሱን ከምድጃው በላይ አድርግልኝ። እሳቱ ያለው እዚያ አይደል? ደግሞ ሙሽራ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ስትዞር ከእሳት አደጋ መኪና ጎን የቆመች ሊመስላት ነው?»

እኔ ሳቅሁ። አጎቴ አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ እሷን አየ። «እሺ፣ እትዬ» አለ። ሁለቱንም እንዳለችው ሰቀላቸው።

ለሁለት ዓመት ሳጥኑ እዚያው የዘይት ጭስ ሲጠጣ ቆየ። በየስድስት ወሩ እየመጣ ይወለውለዋል፣ ብርድ ልብሱን ዘርግቶ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ አጣጥፎ ይመልሰዋል። አራት ጊዜ። አራቱንም ጊዜ አፉ ላይ ደርሶ እንደተመለሰ የነገረኝ በኋላ ነው።

አንድ ከሰዓት እናቴ ዘይት ጥዳ ከደንበኛ ጋር ስለ እጅጌ ርዝመት ስትከራከር ዘይቱ ተቀጣጠለ። ወንድሟ እንዳስተማራት ውሃ አልደፋችበትም። ክንዷን በነበልባሉ ላይ አሳልፋ ሁለቱን ማሰሪያዎች ሳበች፣ ብርድ ልብሱን ድስቱ ላይ አለበሰችው። እሳቱ ጠፋ፣ ቤቱ ተረፈ። እሷ ግን እጅጌዋ ተያይዞ ነበር። ቁስሉ ሲድን ቀኝ እጇ ላይ ሦስት ጣቶች ታጥፈው ቀሩ።

የዚያን ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አጎቴ አጠገቤ ተቀምጦ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ሌላ ሰው ከምድጃ በላይ ስቀልልኝ ቢለኝ መሣሪያዬን ሰብስቤ እወጣ ነበር። እሷን ግን እምቢ ማለት አቃተኝ።»

«ንገራት» አልኩት።

«እነግራታለሁ። መጀመሪያ ትዳን። አንቺ ግን እንዳትቀድሚኝ፤ ከእኔ አፍ ትስማው።»

እሺ አልኩት። ምነው ባላልኩት።

እናቴ ዳነች። በግራ እጇ መስፋት ተለማመደች፤ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ግን አልሆነላትም። ይኼኔ አጎቴ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመረ። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ምላሱን ከጥርሱ መሃል ብቅ አድርጎ፣ ሃያ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባና መርፌ መሰኪያው ላይ በረድፍ ይሰካላታል። ለሳምንት ይበቃታል። እሷም «ይቺኛዋ ክሯ አጠረች፣ ሰነፍ!» እያለች ታስደግመዋለች።

መከራው ምስጋናዋ ነበር። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሳጥኑን እያሳየች «ይኼን ወንድሜ ባይሰቅልልኝ ቤቴ ዛሬ አመድ ነበር» ትላለች። እሱ አንገቱን ይደፋል። ሰው ትሕትና ይመስለው ነበር። እኔ እያወቅሁ አጠገባቸው ሻይ እቀዳለሁ። ሊወጣ ሲል እስከ ደጅ ሸኝቼው «ዛሬስ?» እለዋለሁ። «የሚመጣው ቅዳሜ» ይለኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ የሚመጣው ቅዳሜ አልመጣም።

በሥራው ጭራሽ ብሶበት ነበር። የብርድ ልብሱን ሳጥን ከምድጃው በላይ የሰቀለ አንድ ዳቦ ጋጋሪን ምድጃው ፊት አቁሞ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ አሁን እሳት ነው፤ እጅዎን ይላኩ» አለው። ሰውየው እጁን ወደ ምድጃው አፍ ላከ። አጎቴ ሳጥኑን ነቅዬ በሩ ጋ ካልሰቀልኩ አልወጣም ብሎ ተጣላው። ለዳቦ ጋጋሪው የደፈረውን ለእህቱ አልደፈረም።

ባለፈው ዓመት አንድ ማክሰኞ ማጥፊያ ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ደከመኝ ብሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ። በዚያው አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ። የስንቱን ብረት ሆድ ሲያዳምጥ ኖሮ የራሱን ልብ ያዳመጠለት ሰው አልነበረም።

ሐዘንተኛው ከሄደ በኋላ አልቻልኩም። እናቴ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። «አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አልኩና ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«መስታወቱን አውርጂው» አለችኝ።

አወረድኩት። ከጀርባው ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሣሉ ሁለት መስቀሎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው በክብ የታጠሩ። አጎቴ ከመሰርሰሩ በፊት ሁልጊዜ እንዲህ ነበር ምልክት የሚያደርገው። ያን እሁድ እኔ ቁልፍ ስተክል፣ እሷ ሳትመጣ፣ ትክክለኛውን ቦታ ለክቶ ኖሯል።

«ቀለም ቀቢው ነው ያሳየኝ፣ የዛሬ አምስት ዓመት» አለች። «ላጥፋው ሲለኝ ተወው አልኩት። የሳጥኑ ልክ መሆኑን ሳይ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽው?»

የታጠፉትን ጣቶቿን በግራ እጇ አሻሸች።

«መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ አፍ አለው፣ ራሱ ይንገረኝ አልኩ። እያደር ንዴቱ አለፈና ፍርሃት ገባኝ። ከነገረኝ ይቅር እለዋለሁ። ይቅር ካልኩት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን ይተው ይሆናል አልኩ። እሱ ሥራ ይበዛበታል፤ ድሮስ በዓመት ስንት ጊዜ ነበር የሚመጣው? ሞኝ ነኝ። ሳላሳርፈው ሄደ።»

እሱ እንዳታዝንበት ፈራ፣ እሷ እንዳይቀርባት ፈራች። የሁለቱስ ይሁን። እኔ ምን ፈርቼ ነው ስድስት ዓመት ሻይ የቀዳሁት? አንዲት ቃል ብተነፍስ ሁለቱም ባረፉ።

በማግስቱ መሰርሰሪያ ተውሼ ሳጥኑን ከምድጃው በላይ ነቀልኩት። በሁለቱ መስቀሎች ላይ ሰርስሬ በሩ ጋ ሰቀልኩት፤ ልኩ አልተዛነፈም። መስታወቱ ከመስኮቱ ጎን ሄደ። እናቴ ብሎኖቹን በግራ እጇ ታቀብለኝ ነበር።

መርፌ መሰኪያው ላይ አጎቴ በመጨረሻው ቅዳሜ ክር ካስገባላት ሃያ መርፌዎች ዘጠኙ ከነክራቸው አሉ። እናቴ አዲስ መርፌ ታቀብለኝና እኔ ክር አስገባላታለሁ። ዘጠኙን አትነካቸውም።