ባሌ ደመራ ያጠፋ ጊዜ

ባሌ የማዘጋጃ ቤት እሳት አጥፊ ነበር። እንዲህ ስል ዛሬ ያለ ሰው የምታብለጨልጭ ቀይ መኪና ይታየው ይሆናል። የኛዋ ማኪና ጣሊያን ሲወጣ ጥሎ የሄዳት፣ ካልተገፋች የማትነሳ፣ ብትነሳም ዳገት ስታይ የምታቃስት አሮጊት ነበረች። ጎንደር ደግሞ ዳገት ነው።

በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ካለው ዛፍ ላይ የማኪና ቸርኬ ተንጠልጥሏል። እሳት ሲነሳ ቸርኬው በብረት ይደበደባል፤ ወንዶቹ ከየቤታቸው ሮጠው ይመጣሉ፤ ማኪናዋን እስኪያልባቸው ይገፋሉ። ቦታው ሲደርሱ ቤቱ አመድ ሆኖ፣ ጎረቤት ባለቤቱን ሲያጽናና ያገኙታል። የአራዳ ሰው «አመድ አጥፊዎች መጡ!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። አንዴ ወደ ጠዳ በኩል የጭድ ክምር ተቃጥሎ ቢሄዱ፣ ባለክምሩ አመዱ ዳር ቆሞ ጠላ ቀድቶ ጠበቃቸው።

«ጠጡ እንጂ፤ ደክሟችኋል። ውሃችሁን ለከርሞው ክምር ታመጡልኛላችሁ» አላቸው አሉ።

ባሌ ይህን እየነገረኝ አብሮኝ ይንከተከት ነበር። በወለቃ በኩል ከነደደችው ጎጆ ከተመለሰ ወዲህ ግን ሳቁ ቀረ። እዚያች ጎጆ ውስጥ ሰው ነበር። እጁን ብቻ ሲታጠብ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሁለተኛ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሆነ ብላችሁ አላጋነንኩም። ጫማውን ሳያወልቅ ይተኛል፤ መተኛት ከተባለ። ራስጌው ባልዲ ሙሉ ውሃ አለ። ቸርኬው ተመታ ብሎ ይነሳል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማም ይነሳል፤ በጎንደር ደግሞ ደወል የማይሰማበት ሰዓት ካለ ንገሩኝ። ሽሮዬ ገና ሲንተከተክ ከኋላዬ መጥቶ ጣሳ ሙሉ ውሃ ይከለብስበታል።

«ምነው አንተ! ወጥ ነው እኮ!»

«ሲጨስ አየሁት።»

«ትኩስ ነገር አይጨስም?»

«ሁሉም ሲጀምር እንዲሁ ነው» ይለኛል ፊቱን ሳያዞር።

ቀዝቃዛ ወጥ መብላት ለመድን። እኔስ ይሁን፤ እሱ ግን ቀዝቃዛውንም መብላት አቃተው። «ሆዴ ይነዳል» ይላል፤ ተልባ በጥብጬ አጠጣዋለሁ። እጁ ይንቀጠቀጣል። ያ ማኪና የሚገፋ ትከሻ ሟሽሾ፣ ኮቱ ከመስቀያ ላይ የተሰቀለ መሰለ። ጠበል አስጠመቅሁት፤ ጠበሉን ወደደው፤ ውሃ አይደል? መጥቶ ግን ያው ነው።

በመጨረሻ ሆስፒታል፣ እንደ ሐኪም የሚያክመው ድሬሰር ዘንድ ወሰድኩት። ወጣት ልጅ ነው፤ መስሚያውን ደረቱ ላይ አድርጎ ግንባሩን ቋጠረ።

«ሮጠህ ነው የመጣኸው?»

«ኧረ ተቀምጬ ነው። ተራ ስጠብቅ አረፈድኩ።»

«ልብህ ግን እየሮጠ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እሜቴ፣ ይህ ሰው ተቀምጦም ተኝቶም ቸርኬ ይጠብቃል። ረዘም ላለ ጊዜ ከእሳት ሥራ መራቅ አለበት። አለዚያ አንድ ቀን ልቡ እንደ ማኪናችሁ ቀጥ ትላለች። ማኪናዋን ሰው ገፍቶ ያስነሳታል፤ እሱን ማን ይገፋዋል?»

ይህ ቃል እንደ እሾህ ተሰካብኝ። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ ካቦው ዘንድ ሄድኩ። ካቦው የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ነው፤ ከጣሊያን ጋር ሠርቶ ቆቡና «ካቦ» የሚለው ስም የቀረለት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚያየውን ብቻ የሚያምን ሰው ነበር።

«የቱ ጋ ተቃጠለ?» አለኝ ገና ሳልጨርስ።

«አልተቃጠለም ጌታዬ። ልቡ ነው፤ ሆዱ ነው፤ እንቅልፉ ነው።»

«እሳት አጥፊ የሚታመመው ሲቃጠል ነው። የተቃጠለ ቦታ አሳዪኝ፣ አሁኑኑ እረፍት እሰጠዋለሁ።»

«ውስጡ ነዋ የነደደ!»

«ውስጡ ከነደደ ውሃ ይጠጣ።»

«እሺ ለመስቀል እንኳ ቤቱ ይዋልልኝ።»

ካቦው አሰበ፤ ፊቱም በራ። «ለመስቀልማ ሸጋ ሥራ አለኝ። ደመራው ከሣር ቤቶቹ አጠገብ ነው የሚተከለው፤ ነፋስ ቢነሳ ብለው ሽማግሌዎቹ ማኪናዋን ለምነውኛል። እሱ የውሃውን ጎማ ይዞ ይቆማል። ቆሞ ማየት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን እረፍት አለ?»

ድመትን ወተት ጠብቂ ማለት ይህ ነው። ባሌ ግን ሥራ እምቢ የሚል ሰው አልነበረም።

በኛ አጥቢያ ደመራ የሚለኮሰው ጎህ ሲቀድ ነው። ማኪናዋን የተቀሩት ሰዎች ከሜዳው በላይ ተዳፋቱ ላይ ገፍተው አቆሟት፤ ካቦው መውጫ ደረጃዋ ላይ ቆመ፤ ባሌ የውሃውን ጎማ ታቅፎ አጠገቧ ቆመ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ዓይኔ ከሱ ላይ አልነቀል አለኝ። ቀሳውስቱ ዞሩ፣ ጸሎቱ አለቀ፣ ችቦው ተለኮሰ፣ ሕዝቡ ጨፈረ። ነበልባሉ ወደ ላይ ሲምዘገዘግ የባሌ ፊት አመድ መሰለ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከማኪናዋ እግር ሥር የተወሸቀውን ድንጋይ ሲያወጣ አየሁት።

ያቺ አሮጊት ማኪና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትገፋ ሄደች! ቁልቁለት አገኘቻ። ካቦው ደረጃዋ ላይ ተንጠልጥሎ «ፍሬን! ፍሬን!» ይላል፤ ቀሳውስቱ ከነጥላቸው ወዲያና ወዲህ ገለል አሉ፤ ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው እየተጠላለፉ ሮጡ። ማኪናዋ ደመራው ዘንድ ስትደርስ ጭቃ ያዛትና ቆመች። ባሌ ከኋላዋ ደርሶ ውሃውን ለቀቀው። ደመራው ፍስስስ ብሎ ጠፋ። ከበሮው ራሰ፣ ነጠላው ራሰ፣ ካቦው ራሰ።

የደመራው ምሰሶ ግማሽ ጎኑ ጠቁሮ፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እንግዲህ ምሰሶው ተቃጥሎ የወደቀበት አቅጣጫ አይደል የዓመቱን ነገር የሚናገረው? ያልወደቀስ?

«ዓመቱ ቆሞ ቀረ!» አለ አንድ ሽማግሌ ራሱን ይዞ።

«ቆሞ ቢቀር ምን አለ? ያልወደቀ ዓመት ሸጋ ነው» አለ ሌላው።

«ኧረ ውሃ ነው የጠገበው! ዝናብ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ የማይል ዝናብ!»

«ልጅዬን ዘንድሮ ልድራት ነበር፤ ቆማ ልትቀር ነው?» አለች ከኋላዬ አንዲት ሴት።

እንደገና ሊለኩሱት ቢሞክሩ እርጥቡ እንጨት እምቢ አለ። ሰው ግንባሩን የሚቀባው አመድ አጥቶ በጥቁር ጭቃ ተቀባ።

እኔ ሕዝቡን ጥሼ ባሌ ዘንድ ደረስኩ። ማኪናዋ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሏል።

«ጠፋ?» አለኝ።

«ጠፍቷል።»

«ሰው ውስጡ ነበር?»

«ማንም አልነበረም።»

«ደረስኩ ማለት ነው?»

«ደርሰሃል።»

ይህን ሲሰማ ራሱን ማኪናዋ ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። እንቅልፍ ስላችሁ የድሮው እንቅልፍ፤ የሚያንኮራፉበት። ዙሪያውን ቆመው በዓመቱ ዕጣ የሚከራከሩት ሽማግሌዎች አዩት፤ ተያዩ፤ ከዚያ ክርክሩን በሹክሹክታ ቀጠሉ።

ከሰዓት ካቦው፣ ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባታችን ከደጃችን ተሰበሰቡ። ሽማግሌዎቹ ከሥራ ይባረር አሉ። ሊጣላን የመጣ የመሰለኝ ካቦው ግን ጭቃ ግንባሩ ላይ ደርቆ ደረቱን ነፋ።

«አልለቀውም! በሥራ ዘመናችን ነዶ ሳያልቅ የደረስንበት እሳት ይሄ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት አገኛለሁ? ነገ ማለዳ ሥራው ላይ ይገኝ!»

ካባረሩት እንራባለን፤ ካላባረሩት ይሞታል። ዞር ብዬ የንስሐ አባታችንን እግር ያዝኩ፤ ድሬሰሩ ያለኝን ሁሉ፣ የባልዲውን፣ የሽሮውን፣ የወለቃዋን ጎጆ ነገር እዚያው በሰው ፊት ዘከዘክሁት። አባ እስክጨርስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙኝ።

«ደመራ ማጥፋት ያለ ቀኖና አይታለፍም» አሉ በመጨረሻ። ልቤ ቀጥ አለች። «ቀኖናው ይህ ነው፤ እስከ ከርሞ መስቀል ድረስ እሳት ያለበት እንዳይደርስ። ያደረሰውም ሰው አብሮ ይጠየቃል» ብለው ካቦውን አዩት።

ልመናዬን «ውሃ ይጠጣ» ብሎ ያለፈው ካቦ ቆቡን አወለቀ። «ከቀኖናማ ማን ይከራከራል» አለ፤ እዚያው ቆሞም ባሌን ማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ወደሚያፈላበት ቦታ አዛወረው። እንደ ልማዱ የውሃ ጎማ ይዞ፣ የሚነድ ሳይሆን የሚበቅል ነገር ላይ ውሃ ያጠጣ ጀመር። ጓዳ እሳት አለ ብሎ እግሩ ዝር አላለም፤ ትኩስ ወጥ እስከ ደጅ አወጣለታለሁ። መጀመሪያ ሆዱ በረደ፤ ከዚያ ክረምቱ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ተኛ። የእጁ መንቀጥቀጥ ግን እንዲህ በቀላሉ አልተወውም፤ ጭስ በሸተተው ቁጥር ይነሳበት ነበር።

ለከርሞው መስቀል ቀኖናው አልቆ አብረን ወረድን። ከሰው ኋላ ቆምን። ነበልባሉ ሲነሳ ጋቢው ውስጥ አንድ ነገር ሲንሿሿ ሰማሁ፤ ብገልጠው ጣሳ ሙሉ ውሃ ይዟል።

«ምነው አንተ?» አልኩት።

«ለምንም አይደል» አለኝ።

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ምሰሶው ወዴት እንደሚወድቅ ያያል። እኔ የማየው ጣሳዋን ነው። ምሰሶው ተንገዳገደና ወደቀ፤ ወዴት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ባሌ ጣሳዋን ወደ አፉ አነሳና ጭልጥ አድርጎ ጠጣት።