ሀያት እየጨፈረች አልነበረም

ይህ የሆነው አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከቴፒ ወደ ሚዛን ስንሄድ ነው። እስከ ዛሬ መኪና ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ ከሰማሁ ያ ቀን ይመጣብኛል።

ቴፒ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሀያት የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለችኝ። በዚያ ሰሞን እጆቿ ያለ ፈቃዷ ይወራጩ ጀመር። ብርጭቆ አያያዝ አቃታት። ትከሻዋ ይነሳል፣ ፊቷ ይጨማደዳል፣ እግሯ አያርፍም። ጸጥ የምትለው ስትተኛ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ጂን ነው» አለ። እኔ ሚዛን ሐኪም ዘንድ ልወስዳት ተነሳሁ።

ሚኒባሱ ሞልቷል። ሰው ሲያያት ይብስባታልና እጆቿን ጭኖቿ ስር አድርጋ ተቀመጠችባቸው። እጇ ሲታፈን ትከሻዋ ተነሳ፤ አንገቷም ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር።

ረዳቱ አያት። «እንዴ! ይቺ ልጅ ያለ ዘፈን ነው እንዴ የምትጨፍረው? ሞቅ አርግላት እንጂ!» አለው ለሹፌሩ።

ሹፌሩ በመስታወት አይቷት ሳቀና ዘፈኑን ለቀቀው። ረዳቱ በሩን እንደ ከበሮ ይደበድባል። ከኋላ ጭብጨባ ተነሳ። አንዱማ ጫት የተለጠፈበትን ጥርሱን እያሳየ፣ ፊቷ ድረስ ተንጠራርቶ «እስክስ በይ!» ይላታል።

«ኧረ ስለ አላህ ተዉ! ልጄ ታማለች፤ ሐኪም ቤት ነው የምወስዳት» አልኩ።

«አይዞህ ፋዘር፣ እያዝናናናት ነው እኮ» አለኝ ረዳቱ።

ወደ ሀያት ዞር አልኩ። እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፤ አፏ ግን ይስቃል። እንዲተዉአት ብላ አብራቸው ትስቃለች።

«ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ከተማ በሌለበት፣ ጫካው መሀል፣ እያካፋ ወረድን። ከኋላችን አንዲት እናት ተከትለውን ወረዱ። ከጌጫ ከተማ ነው የመጡት። ወደ መኪናው ዞረው «ልጅ የላችሁም እናንተ?» አሉ። ለእኔ ደግሞ «ከነሱ ጋር ተቀምጬ ከምደርስ ዝናቡ ይሻለኛል» አሉኝ። ሀያትን በነጠላቸው ሸፈኗት። ምን እንዳመማት አልጠየቁም፤ ስሟን ብቻ ጠየቋት። ሙዝ የጫነ አይሱዙ አግኝተን አብረን ሚዛን ገባን።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጉሮሮዋን አሟት ያውቅ እንደሆነ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አሟት ነበር፤ በሎሚና በማር አልፎ ነበር።

«ሰውነቷ ያንን የጉሮሮ በሽታ ሲዋጋ ሳተና እንቅስቃሴ የሚቆጣጠረውን የአንጎሏን ክፍል ነካባት» አለኝ። «አውቃ አይደለም፣ ጂንም አይደለም። ልትድን ትችላለች። ግን ልብንም ሊጎዳ ስለሚችል መርፌዋን በየወሩ ሳታቋርጥ ትወጋለች።»

እንዳለውም ቀስ በቀስ እጇ አረፈ። ልቧንም አላህ ጠበቀልን። መርፌዋን እስከ አሁን አላቋረጠችም።

ሰሞኑን ሱቅ አጠገቤ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክልልኝ ድንገት ቀና አለች።

«አባ፣ እነዚያ ሰዎች አሁን ቢያዩኝ አይለዩኝም አይደል?»

«አይለዩሽም።»

ደስ ብሏት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እነሱ ያንን መንገድ ደረታቸውን ነፍተው ይመላለሱበታል፤ እንዳትታወቅ የምትጸልየው ልጄ ናት።