ሙሽራው ተረኛ ነው

ባሌ ዕቅድ ይወዳል። በደርግ ጊዜ አሰብ ወደብ ላይ የማራገፊያ ዕቅድ ያወጣ ነበር፤ የትኛው ጭነት ቀድሞ ይውረድ፣ የትኛው መኪና የቱን ይጠብቅ ሲል ነው የሚውለው። ሰርጋችንንም እንደዚያው አቀደው። በአሰብ ሙቀት ወጥ ቶሎ ስለሚበላሽ በሬው የሚታረደው ጎህ ሲቀድ፣ የመጠጥ ማቀዝቀዣው በረዶ የሚመጣው እንግዳ ከተቀመጠ በኋላ ሆነ። ከደሴ የመጣችው እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «የምታገቢው ሰው ነው ወይስ ሰዓት?» ብላ ሳቀችብኝ።

የሰርጉ ቀን ሚዜዎቹ እየጨፈሩ መጡ። ሴቶቹ እንደ ወጉ በሩን ዘግተው አናስገባም ሲሉ ቆዩና አንዷ ድንገት፣ «ሙሽራውስ?» አለች። የለም!

ጉዱን ያወጣው አንደኛ ሚዜው ነው። ሚዜዎቹ ሁሉ የቢሮው ባልደረቦች ናቸው። ሙሽራው ለሰርጉ ብሎ ሁሉንም ከፈረቃ ሲያስወጣ ለራሱ ተተኪ ማስቀመጥ ረስቷል። ጠዋት እህል የጫነ መርከብ ገባ፤ እሱ ደግሞ ሥራውን ለሰው ሳያስረክብ ንቅንቅ አይልም።

«ታዲያ አንዳችሁ ሂዱና ተኩት!» አልኩ።

እነሱ ግን ስብሰባ ተቀመጡ። በሰርጌ ቀን፣ ግቢያችን ውስጥ! ያኔ ያለ ስብሰባ የሚወሰን ነገር አልነበረም። አንዱ፣ «ጓዶች፣ ሐሳብ ይቅረብ» አለ። ሁለተኛው ሚዜ አንደኛውን ጠቆመ፣ አንደኛው ሦስተኛውን። ወጡ ደርሷል፣ ፀሐይዋ ትፋጃለች፣ እነሱ እጅ ያወጣሉ። መጀመሪያ ንድድ አልኩ፤ ቀጥሎ ሳቄ መጣና አላቆም አለኝ።

ቬሎዬን ሰብስቤ የሰርጉ መኪና ውስጥ ገባሁ። «ወደብ!» አልኩት ሾፌሩን። የበሩ ጥበቃ ቬሎ ሲያይ መታወቂያ መጠየቁን ረሳው። ሙሽራዬ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ በላብ ተጠምቆ፣ በሬዲዮ ከክሬን ሠራተኞች ጋር ይጯጯሃል።

«ተረካቢ መጥቷል፣ ተነሥ!» ብዬ አስነሥቼው ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሳምንት የተመደበው አዲሱ አለቃ ከጎን ክፍል ብቅ አለ። አየኝ፤ ባሌን አየው።

«ሰርግህ ዛሬ ኖሯል? ለምን አልነገርከኝም?»

«ዕቅዱ ሲወጣ እርስዎ አልነበሩም» አለ ባሌ፣ የምሩን።

አለቃው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ተነሺ ሙሽሪት፣ እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ ሬዲዮውን ተቀበለ።

ደጅ ስንወጣ ባሌ ግራና ቀኝ ቃኘና፣ «ቀጥሎ ምን እናድርግ?» አለኝ። ይህን ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

«ተከተለኝ» አልኩት።