እናኑ እጇን ስትገፋ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከዳንግላ ተነሳን። ልጄን እናኑን ቆሰበር፣ ሙያ ማሰልጠኛ ላስመዘግብ ነው። እናኑ መስማት የተሳናት ናት። አሥረኛን ጨርሳለች፤ እኔ ከአራተኛ ነው ያቆምኩት። የመመዝገቢያ ቅጹን ግን ትሳሳትብኛለች ብዬ ቀደም ብዬ እኔው ሞልቼ ልኬዋለሁ፤ «ልብስ ስፌት» ብዬ። ምን ትማሪያለሽ ብዬ በእጄ ስጠይቃት ሁልጊዜ ሁለት እጇን ደርባ ወደፊት ትገፋለች፤ ጨርቅ የስፌት መኪና ላይ እንደሚገፋ ሰው።

እስከ መናኸሪያ በጋሪ ሄድን። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መጀመሪያ በአውኝኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ሰላም አሏት። እሷ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

«ልጅሽ ኮራችብኝ?»

«አትሰማም አባባ፣ አይቀየሟት።»

«አይዞሽ፤ እኔ እየሰማሁም የሚስቴን ነገር አልሰማ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እናኑ በዓይኗ ጠየቀችኝ። «ምንም አይደል» በሚል እጄን አወዛወዝኩላት። ሁሌም እንዲሁ ነው የምመልስላት።

አዲስ ቅዳም ላይ የከሰል ጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ሁለት የተጠበሰ በቆሎ በሠላሳ ብር ገዛሁ። ቆሰበር ስንገባ የጣውላ በርና የቀርከሃ ወንበር የሚሸጥበት አለ፤ እናኑ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ እስኪያልፍ አየችው። ወንበር ያማራት መሰለኝ።

ቆሰበር፣ ሦስት ሰዓት

መዝገብ ቤት አንዲት ወጣት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነበረች። ከእናኑ ጋር በእጅ ማውራት ጀመሩ። የልጄ እጅ እንዲያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። ሁለቱም ሳቁ። በምን እንደሳቁ አላወቅሁም።

«እናቴ፣ ስፌትን ማን መረጠላት?» አለችኝ አስተርጓሚዋ።

«ራሷ ናት። እንዲህ እያለች» ብዬ እጄን ደርቤ ገፋሁ።

ራሷን ነቀነቀች። «እሱ ስፌት አይደለም። ጣውላ መላግ ነው። የእንጨት ሥራ ነው የምትፈልገው።»

«እንግዲያው ይቀየርላት!»

መዝጋቢው መዝገቡን አገላበጠ። «የእንጨት ሥራ ባለፈው ዓርብ ሞልቷል። ወይ ስፌት ትግባ፣ ወይ ለከርሞ ትምጣ።»

ለእናኑ ተተረጎመላት። እጇ አንዴ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

«ለከርሞ» አለች አስተርጓሚዋ።

ዳንግላ፣ ዘጠኝ ሰዓት

በመመለሻው እናኑ እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ደረስን። እኔ አፍ ልሆናት ነበር የወጣሁት። ልጄ ከእኔ አብልጣ ትጽፋለች፤ አንድ ቀን እንኳ በወረቀት ልጠይቃት አላሰብኩም። ያወቅኳት መስሎኝ አንድ ዓመት በላሁባት።

«ይቅርታ» በእጅ እንዴት እንደሚባል ስለማላውቅ ቤት ስንገባ ደብተሯ ላይ ጻፍኩት። አነበበችው። እስክርቢቶውን ተቀብላኝ ከሥሩ ጻፈች፦

«ጠዋት መኪና ውስጥ በምን ነበር የሳቃችሁት?»

የሽማግሌውን ቀልድ ጻፍኩላት። አንብባ ፈገግ አለች። ለእኔ ብላ እንደሆነ ገባኝ።