የመርዶ ዋዜማ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ዙሪክ ሐይቅ ላይ አሮጌው የእንፋሎት መርከብ ጡሩንባውን ነፋ። ወፍራም፣ ረጅም ድምፅ ነው፤ ከጆሮ ይልቅ ደረት ነው የሚሰማው። ተከትሎት የጋለ ዘይትና የረጠበ እንጨት ሽታ መጣ። ልጄ አጠገቤ ቆማ አይስክሬም ትልሳለች። እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ጄኔቭ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ገና ከሃያ ፈቀቅ ማለቱ ነበር፤ እናቴም በሕይወት ነበረች። ማለቴ፣ በሕይወት ያለች ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ ከያዘኝ ሕመም እንደማልድን ነግራኛለች። ልጄ አታውቅም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኩቼ ልነግራት ቆርጫለሁ። እስከዚያው ግን ትንሽ ጊዜ አለኝና ያቺን የጄኔቭ ቅዳሜ ላውራችሁ። ምላስ ማሟሻ ትሁነኝ።

ያኔ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ሞግዚት ነበርኩ። መኝታዬ ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከሣሩ እኩል ስለነበር አትክልተኛው ባጨደ ቁጥር አልጋዬ ሳይቀር ሣር ሣር ይሸታል፤ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማየውም የሰው ጫማ እንጂ የሰው ፊት አልነበረም። የግቢው በር በቁጥር ይከፈታል፤ ዘበኛም አለው። ስለ በሩ የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንደ አገራችን ወግ ሰው ሳይነጋ መጥቶ የሚያንኳኳው በር አልነበረም።

እዚያው ሰፈር ሌላ ዲፕሎማት ዘንድ ወጥ ቤት የሆኑ ሴት ነበሩ። እትዬ ነበር የምላቸው። ቁጡ ናቸው። ፈረንሳይኛቸው ከገበያ አያልፍም፤ በዚያችው ፈረንሳይኛ ግን ሥጋ ሻጩን ያንቀጠቅጡት ነበር። ለዕረፍት ቀናቸው ከጄኔቭ ዳር፣ ኦኔ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ረጅም ፎቅ ላይ ጠባብ ቤት ተከራይተው ነበርና እሑድ እሑድ እዚያ ነው የምንሰበሰበው። አልወለዱም። እኔን ግን ቀሚስሽ አጠረ፣ ፊትሽ ገረጣ፣ ምሳ የት በላሽ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ያሳጡኝ ነበር። ሦስተኛችን ጋሼ፣ የአንድ ኤምባሲ ሹፌር፣ የእናቴ አገር ሰው ነበሩ። ወንድሜ አንዳች ነገር ሲኖረው የሚደውለው ለእሳቸው ነው።

በዚያ ሰሞን ሁለቱም በድንገት ደግ ሆኑብኝ። እትዬ ቁጣቸውን ተዉ። አሠሪዬ ማዳም ዘንድ ድረስ ሄደው፣ በዚያች የገበያ ፈረንሳይኛቸው ምን እንዳሏት እንጃ፣ ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ ፈቃድ አስወጡልኝ። ጋሼ ደግሞ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው መጡና "ዛሬ መርከብ እንሳፈራለን" አሉኝ። ሐይቁን በየቀኑ እናየዋለን እንጂ ተሳፍረነው አናውቅም። ለእኛ ቢጤ ያ የቱሪስት ነገር ነው።

ጋሼ ውኃ ይፈሩ ነበር። "እኔ የመኪና ሰው ነኝ" ብለው መሐል ላይ ምሰሶውን ተደግፈው ቀሩ፤ ማዕበል ሳይኖር ማዕበል እንደመታው ሰው ፊታቸው አመድ መስሎ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ነፋሱ ፀጉሬን አፌ ውስጥ ይከተዋል፤ ውኃው ላይ ያረፈው ብርሃን ዓይን ያጭበረብራል፤ ከታች ያለው ትልቅ ሞተር ነሐሱ እያበራ ይገፋል፣ ይስባል። እትዬ፣ የሰው አገር ምግብ ሁሉ ውኃ ነው የሚሉት ሴትዮ፣ ዓሣ አዘዙልኝ። እሾሁን በጣታቸው እየለቀሙ ሳህኔ ላይ ያስቀምጡልኛል። እሳቸው ግን አልቀመሱም።

"ብዪ። ነገ የሚሆነው አይታወቅም፤ ዛሬ ብዪ።"

"እትዬ፣ ዛሬ ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚያሞላቅቁኝ?"

ወደ ሐይቁ ዞሩ። "አርጅቼ ነዋ" አሉ።

ከመርከቡ ስንወርድ መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ሻሽ ትሸጥ ነበር። ለእናቴ ልገዛ ፈለግኩ። ሰማያዊውንና ወይን ጠጁን በሁለት እጄ ይዤ የቱ እንደሚሻል ጠየቅኋቸው። ጋሼ ጫማቸውን ለማሰር ጎንበስ አሉ፤ ቶሎም ቀና አላሉም። እትዬ ግን ሁለቱንም ተቀበሉኝ። በጣታቸው አሻሿቸው፣ ወደ ፀሐይ አንስተው አዩዋቸው፣ ስፌቱን መረመሩ። ብዙ ቆዩ።

"ወይን ጠጁ ይሻላል። እድፍ ይችላል።"

ማምሻውን ለእናቴ በጎረቤቷ ስልክ ልደውል፣ የሻሹን ነገር ልነግራት ስነሳ እትዬና ጋሼ መስመር የለም አሉኝ፤ አገር ቤት ዝናብ ጥሏል አሉ። አመንኩ። እንዲያውም ዝናብ በመጣሉ ደስ አለኝ፤ እናቴ የጓሮ ጎመን ነበራት።

ኦኔ አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ጄኔቭ ያሉት የአገራችን ሰዎች፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ተራ በተራ ገቡ። ከመካከላቸው ሰላም ያለኝ የለም። መርዶ እንዴት እንደሚገባ ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ሳይነጋ ስትወጣ አይቻታለሁ። የማን እንደሆነ ለማወቅ የእያንዳንዳቸውን ፊት አየሁ። ሁሉም እኔን ነበር የሚያዩት።

"እናትሽ አርፈዋል፣ ልጄ" አሉ ጋሼ።

ጩኸቴ ከላይ እስከ ታች ፎቁን አዳረሰው። የሕንፃው ጠባቂ ፖርቱጋላዊት ነበረች፤ በሌሊት ልብሷ ወጣች፣ እሑድ ጠዋት ምን ጉድ ነው ብላ ልትቆጣ። በሩ ላይ ቆማ አየችን። ከዚያ አማተበችና ወርዳ ከቤቷ ወንበሮች አመጣች፤ የእትዬ ቤት መቀመጫ አጥሮት ነበር። እትዬ አጥሚት ይዘው አጠገቤ ተንበርክከዋል። መቼ እንደሞተች ስጠይቅ ሳምንት አልፏታል አሉኝ። ወዲያው ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ካለው ሻሹ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ አረፈ።

"ሻሹስ፣ እትዬ? እያወቁ ሻሽ አስመረጡኝ?"

አጥሚቱን መሬት አስቀመጡት። "አንድ ቀን እናት ትኑርሽ ብዬ ነው" አሉ።

ተነሳሁ። ሻሹንም እዚያው ትቼው ወጣሁ።

ጠብ አልነበረም። ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀን ነበር። እኔ ዝም ብዬ ራቅሁ። በኋላ የልጄን አባት አግብቼ ወደ ዙሪክ መጣሁ፤ ትዳሩም ብዙ አልቆየ፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። አልትሽቴተን የሚባል ሰፈር ቤት አገኘሁ፣ ቢሮ ማጽዳት ጀመርኩ፣ ልጅ አሳደግሁ። እትዬ በየበዓሉ ይደውሉልኝ ነበር። የልጅቷን ጤና ይጠይቁኛል፣ ምን እንዳበላኋት ይጠይቁኛል፣ ሲጨርሱ "ሻሽሽ አለ፤ ስትመጪ ትወስጂዋለሽ" ይሉኛል። እሺ እላለሁ። ከዙሪክ ጄኔቭ ምን ሩቅ ነው፤ ባቡሩ ላይ አንድ እንቅልፍ ነው። አልሄድኩም። ያስገዙኝን ሻሽ ባየው ያን ሳቄን የምሰማው ይመስለኝ ነበር። ጥርሴን ያየ ሰው ሁሉ እናቴ መቀበሯን ያውቅ ነበር እኮ።

የእናት ሞትና የድንጋይ መቀመጫ እያደር ይቆረቁራል ይባል የለ፤ የእናቴ ሲቆረቁረኝ እትዬን መቀየሜ ነው ብዬ አስቀመጥኩት። የተቀየምኩት ሞትን እንደነበር ማን በነገረኝ።

የእሳቸውን ሞት የሰማሁት በስልክ መልእክት ነው። ለሥራ ወደ ኡስተር ከተማ በባቡር እየሄድኩ ነበር፤ የአገር ልጆች የስልክ ቡድን ውስጥ ሻማ ተለጠፈ፣ ከሥሩ ስማቸው፣ ከዚያ የተጣመሩ እጆች መዓት። በሬን ያንኳኳ የለም። ነጠላ ያዘቀዘቀ የለም። ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ሳንድዊች ይበላል። ኡስተር ወረድኩና ቢሮዎቹን አጸዳሁ፤ የቫክዩሙ ድምፅ ልቅሶዬን ሸፈነልኝ። ያን ቀን ነው መርዶ ምን ያህል ትልቅ ስጦታ እንደሆነ የገባኝ። ሻሹ የት እንደገባ እስከዛሬ አላውቅም።

ይቆጨኛል። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ የሚቆጨኝ ነገር አለ፤ ይህ ግን ሁሉንም ይቀድማል።

ሐኪሜ ደግ ሴት ናት። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ሥር ትራም እያለፈ፣ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ነገረችኝ። የቆሽት ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል፤ ማስታገስ እንጂ ማዳን አይቻልም። እዚህ አገር አይደብቁም፤ ባለቤቱ መጀመሪያ ይስማ ነው ሕጋቸው። ከዚያ "ብቻዎን ነው የመጡት?" አለችኝ። ብቻዬን ነበርኩ። እኛ ዘንድ ሰው የሌላውን መርዶ ነው የሚሰማው፤ የራሱን የሚያረዳው የለም። እኔ የራሴን ሰማሁ። አልጮኽኩም። አመስግኛት፣ ጃኬቴን ለብሼ፣ ሽንኩርት ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። አልፈራም ብል ውሸት ነው። ማታ ማታ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ይህ ሰውነት እንዲህ አብሮኝ ለፍቶ ለፍቶ የት ሊሄድ ነው እላለሁ። ግን ከፍርሃቴ የሚብሰው ልጄ ናት። እሷ ደግሞ የሥራ ትምህርቷ ፈተና ላይ ነበረች። ፈተናው ይለቅ አልኩ። ሲያልቅ ደግሞ አንድ ቀን ትዝናና አልኩ።

ስለዚህ ትናንት መርከብ አሳፈርኳት።

"ማሚ፣ ምን ሆንሽ ዛሬ?" አለችኝ በዚያች በተሰባበረች አማርኛዋ። "አንቺ ሁሌ መርከብ ቶይር ነው፣ ውድ ነው ትያለሽ። ዛሬ መርከብ፣ ዛሬ አይስክሬም። ቤቢ ነኝ እንዴ?"

"አርጅቼ ነዋ" አልኳት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የማን ቃል እንደሆነ ያወቅሁት።

ከመርከቡ ስንወርድ እጄን ጎትታ ወደ አንድ ሱቅ አስገባችኝ። ፈተናዬን ስለጨረስኩ እኔ ልግዛልሽ አለች። ሁለት የሱፍ ሻርፕ መዝዛ አመጣች፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ወይን ጠጅ። እንዲያ ያለ አጋጣሚ ይኖራል ብዬ አላምንም ነበር።

"ለቪንተር ነው፣ ማሚ። ሲበርድ ለመጪው ቪንተር። የቱ?"

ቪንተር የምትለው ብርዱን ወራት ነው። እኔ የማልደርስበትን። ሁለቱንም ተቀበልኳት። በጣቴ አሻሸኋቸው፣ ወደ ብርሃኑ አንስቼ አየኋቸው፣ ጠርዛቸውን መረመርኩ። ያኔ እትዬ ለምን ያን ያህል እንደቆዩ ገባኝ። አላታለሉኝም ነበር። ለእናቴ በእርግጥ እየመረጡላት ነበር፤ ለሞተች ሴት፣ ከልባቸው፣ የሚበጃትን።

"ወይን ጠጁ ይሻላል" አልኳት። "እድፍ ይችላል።"

አንገቴ ላይ ራሷ አሰረችልኝ። ራቅ ብላ አየችኝና "ሾን" አለች፤ ያምራል ማለቷ ነው።

ይኸው አሁን ሻርፑ ወንበሩ ላይ ነው። አጥሚቱ ምድጃው ላይ ሞቋል፤ ሲነገር ጉሮሮ እንደሚደርቅ አውቃለሁ። ነጠላዬን ላዘቅዝቅ ብዬ ነበር፤ ኋላ ለራሴ ደግሞ አላዘቀዝቅም ብዬ ተውኩት። ውጪ የመጀመሪያው አውቶቡስ አለፈ። መስኮቱ መንጣት ጀምሯል።

ሄጄ በሯ ላይ ቆምኩ። እጄን አነሳሁ። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ እንደ ሕፃንነቷ አፏን ከፍታ ነው የምትተኛው።

እጄን መለስኩ። እነግራታለሁ፤ ዛሬ ነው የምነግራት። ግን ፀሐይዋ ትውጣ። እስከዚያ እናት ትኑራት።