ትንፍሽ ሳይሉ መውለድ

የስማዳዋ አዋላጅ ማንጠግቦሽ ምጥ የያዛት ሴት ስትጮህ መስማት አትወድም። የነጠላ ጫፍ አፏ ውስጥ ትወትፍባትና፣ «እኔ የበኩር ልጄን ስወልድ ትንፍሽ አላልሁም፤ አንቺን ምን ያስጮህሻል?» ትላታለች። ከጣሊያን ወዲህ በዚያ ቀዬ የተወለደ ሕፃን ሁሉ እናቱ ጨርቅ ነክሳ የወለደችው ነው።

ያች የበኩር ልጇ ሙሉነሽ በተራዋ ልትወልድ እናቷ ቤት ገባች። ከጠዋት ጀምሮ ስታምጥ፣ እናቷን ላለማሳፈር ከንፈሯን ነክሳ አደማችው። ጎረቤቶች «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ እሷ ድምፅ የላትም።

ማንጠግቦሽን ያሳደጓት አክስቷ እማማ ዓለምዬ ከጋይንት የደረሱት ይሄኔ ነው። ደሙን ሲያዩ ተቆጡ።

«ጩኺ እንጂ ልጄ። እናትሽ አንቺን የወለደችው እኔ ቤት ነው። ጩኸቷን የማዶ ሰዎች ሰምተው፣ ሰው ሞተ ብለው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለለቅሶ መጡ። ንፍሮ አብልተን ነው የሸኘናቸው።»

ማንጠግቦሽ ያን ወሬ ጋይንት ጥላው የመጣች መስሏት ነበር። ሙሉነሽ እናቷን አንድ ጊዜ አየቻትና ጮኸች። ጩኸቷ ሳያባራ ልጁ ወጣ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት ሴቶቹ።

ማንጠግቦሽ አቀርቅራ እትብቱን ስትቆርጥ፣ እሷን ደግሞ ማን እንደሚምራት ታስብ ነበር። በዙሪያዋ እልል የሚሉት ሴቶች ሁሉ ጨርቋን የነከሱ ናቸው።